ኮቶሌት፣ አሳማና የጊምቢቹ ጓዳ

አማርኛችን ለአሳማ ሦስት ስም አለው። «እሪያ» ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣው ነው፤ «ከርከሮ» የዱሩ ነው፤ «አሳማ» ደግሞ አፍ የለመደው፣ ሰው ሲቆጣም ከአንደበቱ የሚያመልጠው ነው። ሦስቱንም በስብከት፣ በአደን ወግና በጠብ መሐል እንሰማቸዋለን። ከድስትና ከመጥበሻ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ግን እምብዛም አይታዩም። ባለፈው ዓመት ጊምቢቹ ላይ እጄ የገባችውን ሁለት ገጽ ወረቀት እንደ አንድ አዲስ ድርሰት ደጋግሜ ያነበብኳትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ጊምቢቹ በሀዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ከተማ ናት። ወረቀቷ ግን የጊምቢቹ ተወላጅ አይደለችም። ደቡብ አፍሪካ ቆይቶ የተመለሰ አንድ ዘመዴ በሻንጣው ይዟት የመጣት ናት። በኮምፒውተር የተለቀመች፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመች፣ የተርጓሚው ስም የሌለባት ናት። ርእሷ «በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በቤትዎ» ይላል። ከርእሷ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር «የአሳማ ሥጋ» የሚለው ሐረግ አምስት ቦታ ላይ ተጽፏል፤ አምስቱም ቦታ ላይ «የአሳማ» በእርሳስ ተሰርዞ በላዩ «የበሬ» የሚል ቃል ሰፍሯል። የሰረዘችው የዚያው ልጅ እኅት ናት።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህቺ ወረቀትና ይህ የእርሳስ ስረዛ ናቸው። አንባቢ «በዚህ ገጽ ላይ ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ እንጂ ስለ ሳንድዊች ምን አገባን?» ይል ይሆናል። በበኩሌ ሒስ የሚገባው በጥራዝ ለታተመ ድርሰት ብቻ ነው የሚል ሕግ አላውቅም። የምግብ አሠራር ጽሑፍም ተናጋሪ አለው፤ አድማጭ አለው፤ መነሻና መድረሻ አለው። እንዲያውም ከሌላው ድርሰት ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ ይበላዋል። መጥፎ ግጥም ቢያናድድ ነው። መጥፎ የምግብ አሠራር ጽሑፍ ግን እጅ ያቃጥላል፤ ከዚያም ካለፈ ጎረቤት ያቀያይማል።

ወረቀቷ ስትመረመር

ከቀላሉ ስሕተት እንጀምር። ወረቀቷ ዘይቱ «እስከ 350 ዲግሪ ይጋል» ትላለች። በየትኛው መለኪያ? ዝም ብላለች። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የአሜሪካ ስለሆነ በፋራናይት የተጻፈ ነው፤ በእኛ ሴንቲግሬድ ሲመለስ 177 ገደማ ይሆናል። ተርጓሚው ቁጥሩን ተሸክሞ መለኪያውን መንገድ ላይ ጥሎታል። 350 ሴንቲግሬድ የደረሰ ዘይት ጢሱ ቤቱን የሞላ፣ ለእሳት አንድ እርምጃ የቀረው ዘይት ነው። በሣር ክዳን ሥር ይህን ያነበበ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል አንባቢ ይገምት። በልብ ወለድ ትርጉም ውስጥ እንዲህ ያለ ግድፈት ቢገኝ «ተርጓሚው ተቻኩሏል» ብለን እናልፈው ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የቋንቋ ነው። ወረቀቷ «ቦንለስ ሎይን» እንድንገዛ፣ «ማስታርድ» እንድንቀባ ታዛለች። ማስታርድ ማለት ሰናፍጭ ነው። ሰናፍጭን እኛ ፈጭተን፣ በጥብጠን፣ በጾም ማዕድ ላይ አፍንጫችንን እስኪሰነፍጠን ስንበላ የኖርን ሕዝብ ነን። ተርጓሚው በገዛ ጓዳው ያለውን ነገር በሰው ስም ጠርቶ እንደ ብርቅ ዕቃ አቀረበልን። «ሎይን» ያለውም ቢሆን ሥጋ ቆራጭ ሁሉ የሚያውቀው ሽንጥ ነው። እንግዳ ቃል መዋስ ነውር አይደለም፤ ራሱ «ሳንድዊች» በ18ኛው መቶ ዘመን ከኖሩ አንድ የእንግሊዝ መስፍን ማዕርግ የወጣ ስም ነው፤ ዛሬ የእኛም ነው። ነውሩ የራስን ቃል ቆልፎ የጎረቤትን መለመን ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁለቱም ይከብዳል። ወረቀቷ ለማን እንደምትናገር አታውቅም። «በቤትዎ» ትላለች፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። የሙቀት መለኪያ ያለበትን፣ ማቀዝቀዣ የተሞላበትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ሲነሳ ማንም ቀና ብሎ የማያይበትን ቤት ነው የምታስበው። ጊምቢቹ እንዲህ ያለ ቤት የለም።

ልጁ ወረቀቷን ገበታ ላይ ያነበበ ዕለት እናቱ፣ «በዚህ ቤት የእርሱ ስም ሲነሳ ሰው ይጠፋል» አሉ። ቁጣ አልነበረውም፤ የዝናብ ወሬ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። እኅቱ እርሳሱን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ተቃወመ። «አሳማው ከሌለበት ሌላ ምግብ ነው፤ በዚያ ስም አትጥሪው» አላት። እርሷም፣ «የጠላነው ስሙን አይደል እንዴ?» ብላ መለሰችለት።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት አለው፤ ሁለቱም ግን የምግቡን የዘር ሐረግ አያውቁም። እስቲ እርሱን እንከተል።

ልብሱ አንድ፣ ሥጋው ብዙ

ሥጋን ቀጥቅጦ ማሳሳት፣ ዱቄት ማልበስ፣ እንቁላል መንከር፣ በዳቦ ፍርፋሪ ሸፍኖ መጥበስ የአሳማ ባለቤትነት የለበትም። የሚላኖዎች ኮቶሌታ የጥጃ ሥጋ ነው፤ በቅቤ ነው የሚጠበሰው። የቪየናዎች ሽኒትሰልም የጥጃ ሥጋ ነው። በኦስትሪያ ምግብ ቤት «ቪነር ሽኒትሰል» ብሎ የሚሸጥ ሰው የጥጃ ሥጋ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በአሳማ ከሠራው የአሳማ መሆኑን በስሙ ላይ መግለጽ አለበት። እንግዲህ የጊምቢቹዋ ልጅ «የአሳማ» የሚለውን ሰርዛ «የበሬ» ስትጽፍ ምግቡን አላበላሸችም፤ ሳታውቀው ወደ አያቶቹ መልሳዋለች።

አሳማው በኋላ የገባው በተሰደደበት አገር ነው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሀንቲንግተን በምትባል ከተማ፣ ኒክስ ኪችን የተባለው ምግብ ቤት ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከክቡ ዳቦ ጠርዝ አልፎ የሚዘረጋ ስስ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በመሥራት ይታወቃል። አካባቢው ጀርመኖች የሰፈሩበት፣ በቆሎና አሳማ የሞላበት ነው። ጥጃ ውድ፣ አሳማ ርካሽ በሆነበት አገር ሽኒትሰሉ አሳማ መሆኑ የማይቀር ነበር። የዘመዴ ወረቀት ምንጭም ይህን የመሰለ የአሜሪካ ጓዳ ሳይሆን አይቀርም።

ጃፓኖችም አሉ። በ675 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴንሙ የላምና የበሬ፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አወጁ። ሥጋን የመጸየፍ ልማድ በተለያየ መልኩ ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ። በ1872 ዐፄ ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው ለሕዝብ ተነገረ፤ ከዚያ በኋላ የፈረንጅ ምግብ ጎረፈ። «ኮትሌት» የሚለው ቃል በጃፓንኛ አፍ «ካትሱ» ሆነ። ከቻይንኛ የተወረሰውን «ቶን» ማለትም አሳማን ጨምረው «ቶንካትሱ» አሉት። ጃፓኖች ግን በስሙ ብቻ አላቆሙም። ሥጋውን በቢላ ከትፈው በእንጨት ዘንግ እንዲነሳ አደረጉት፤ ከሩዝና በጭራሮ ከተከተፈ ጥቅል ጎመን ጋር አቀረቡት፤ በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሐል ከትተው ሳንድዊችም አወጡለት። «ካትሱ» በቋንቋቸው «ማሸነፍ» ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ ስለሚገጥም ተማሪዎች በፈተና ዋዜማ ይበሉታል። ቅኔ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ኅብረ ቃል ነው፤ ሳህን ላይ የተቀመጠ ኅብረ ቃል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጉዳይ ላንሳ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እ.ኤ.አ. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም የሜይጂን ሕገ መንግሥት አርአያ የተከተለ ነው። የዚያ ትውልድ ምሁራን ጃፓንን ሲያዩ ያዩት ሕጉን፣ ፋብሪካውንና ሠራዊቱን ነበር። ጃፓናዊት የቤት እመቤት የፈረንጅን ሥጋ በራሷ ዘንግ እንዲነሳ አድርጋ ስትከትፈው ያደረገችውን ግን ማንም አልጻፈልንም። መሠልጠንና ራስን አለመጣል አብረው የሚሄዱት እዚያች መክተፊያ ላይ ነበር።

የእኛስ? ከጣሊያን «ፓስታ»፣ «ፎርኖ»፣ «አሮስቶ»፣ «ፊሌቶ»፣ «ኮቶሌት» የሚሉትን ቃላት ወርሰናል። ኮቶሌት አዲስ አበባ ላይ የበሬ ሆኖ ከሎሚ ጋር ይቀርባል። ትርጉም ነው ልንለው ይከብዳል፤ ቅጅ ነው፤ ከፒያሳ ሳህን ወርዶ ወደ ቤታችን ገበታ እምብዛም አልገባም። እውነተኛው ትርጉማችን ሌላ ነው፤ ፓስታ በእንጀራ። የሠለጠንን የሚመስለን ሰዎች የምንሥቅበት ይህ ምግብ ጃፓኖች በካትሱ ያደረጉትን ነው ያደረገው። የመጣውን እንግዳ በራሳችን እጅ እንድንጎርሰው አድርጎታል።

የገላውዴዎስ መልስ

ስለ አሳማ በግዕዝ ከተጻፈው ሁሉ ሒስ ሊሰጥበት የሚገባው ጽሑፍ የዐፄ ገላውዴዎስ የእምነት መግለጫ ነው። የተጻፈው በ1555 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ኢትዮጵያውያንን «እንደ አይሁድ ናችሁ» እያሉ ለሰነዘሩት ክስ መልስ ነው። የክሱ ነጥቦች ሦስት ነበሩ፤ ቅዳሜን ማክበር፣ መገረዝና አሳማ አለመብላት።

ንጉሡ በሦስተኛው ላይ የሰጡት መልስ እንዲህ የሚል መንፈስ አለው። ከአሳማ የምንርቀው የኦሪት ሕግ አስሮን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፈውም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም። ማስረጃቸው ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ መብልና ስለ መፈራረድ የጻፈው ምዕራፍ ነው።

የዚህን ጽሑፍ አጻጻፍ ልብ ማለት ይገባል። ንጉሡ እንስሳው ርኩስ ነው ብለው አልተሟገቱም፤ ንጹሕ ነው ብለውም አልተረቱም። ክርክሩን ከእንስሳው ላይ አንሥተው በሰዎች መካከል አስቀመጡት። አባባሉ ሚዛን ነው፤ በአንድ በኩል የሚበላ፣ በሌላ በኩል የማይበላ፣ በመሐል ደግሞ አለመናናቅ። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ገና ያገገመች አገር ንጉሥ፣ በጠመንጃ የረዱት የፖርቱጋል ወዳጆቹ «ማዕድህን ቀይር» ሲሉት እንዲህ ባለ እርጋታ መጻፉ የሚደነቅ ነው።

ይህ ታሪክ ከሀዲያ የራቀ የሚመስለው ካለ ይሳሳታል። ፖርቱጋሎችን ወደዚህ ከጠሩት ሰዎች ቀዳሚዋ ንግሥት እሌኒ ናት፤ በ1509 ገደማ በመልእክተኛው በማቴዎስ እጅ ደብዳቤ ልካለች። እሌኒ የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። የያኔዋ ሀዲያ ከዛሬዋ ዞን ትሰፋ ነበር፤ ገዥዎቿም ሙስሊሞች ነበሩ። እሌኒ ከአባቷ ማዕድ ወደ ክርስቲያን ነገሥታት ማዕድ ስትሻገር ብዙ ነገር ተለውጦባታል፤ አሳማ ግን በሁለቱም ማዕድ ነውር ነበር። የእርሷ ደብዳቤ በከፈተው መንገድ የመጡ ሰዎች ልጅ ልጆች ስለ አሳማ ሊከሱን መድረሳቸው ታሪክ የምትጫወተው ጨዋታ ነው።

የዛሬዋ ሀዲያ ደግሞ የገላውዴዎስ ሚዛን በየቀኑ የሚፈተንባት አገር ናት። ፋንዳኖ የተባለው የቀድሞው እምነት ትዝታው አልጠፋም። ሙስሊሙ አለ፤ ኦርቶዶክሱ አለ፤ ካቶሊኩ አለ። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሚስዮናውያን የዘሩት የወንጌላውያን እምነት ብዙኃኑን ይዟል። በአካባቢው ከተሞች ያሉት አድቬንቲስቶች በኦሪት ዘሌዋውያን 11 መሠረት አሳማን አይነኩም። ቃለ ሕይወቱ ወይም መካነ ኢየሱሱ ግን ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ያየውን ራእይ ያነባል፤ በትምህርት ደረጃ የሚከለክለው የለም። ታዲያ ለምን አይበላም?

መልሱ ከመጽሐፍ ይልቅ ከጓሮ ይገኛል። የሀዲያ ገበሬ ሀብቱ እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል። ፍልፈል ከሥር፣ ጃርትና የዱር አሳማ ሌሊት መጥተው የዓመታቱን ልፋት ያጠፉበታል። ለእርሱ አሳማ በመጀመሪያ የእንሰት ጠላት ነው፤ የሃይማኖቱ ጉዳይ ቀጥሎ ይመጣል። በዚህ ላይ «ሥጋው በሽታ አለበት» የሚለው ወሬ ይታከላል። በደንብ ካልበሰለ እውነት ነው፤ አለበት። ነገር ግን ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚሰጠንን ትል በመድኃኒቱ ስም «ኮሶ» ብለን፣ ከነመድኃኒቱ የቤተሰብ አባል አድርገን የኖርን እኛው ነን። ለበሬው ይቅርታ አለን፤ ለአሳማው የለንም። ጥላቻችንን በጤና ትምህርት ስም ባናስጌጠው እመርጣለሁ። የገላውዴዎስ አነጋገር ከዚህ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ አንበላም፣ ልማዳችን ነው፣ የሚበላውን ግን አንንቅም።

ጓዳው

ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሳለ አሳማ በልቷል። ይህን ለእናቱ አልሸሸገም። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው መንገድ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በዚያ መንገድ አልፎ በሕይወት የተመለሰ ልጅ በዚያ አገር ምን በላህ ተብሎ አይጠየቅም። እናቱም አልጠየቁትም። እርሱ ግን የሚፈልገው ሌላ ነበር፤ ስድስት ዓመት የበላውን ነገር እናቱ ገበታ ላይ እንዲቀመጥለት። ስለዚህ ነው የእርሳሱ ስረዛ ያንገበገበው።

እኅቱ ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ ከወረቀቷ የሚሻለው እርሱ ነውና። ከሽንጥ ላይ ሥጋ አስቆረጠች። ሲያርስ የኖረ በሬ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ እንደ አሳማ በመሐሉ ስብ የለውምና ቶሎ ይደርቃል። ይህን ከወረቀቷ አላገኘችውም። በአሬራ ዘፍዝፋ አሳደረችው፤ የአሬራው ኮምጣጣነት ሥጋ ያለሰልሳል። በነጋታው በዘነዘና ጀርባ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ቀጠቀጠችው። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰችበት። የሦስት ቀን የስንዴ ዳቦ አድርቃ በእጇ ፈረፈረችው፤ አላደቀቀችውም። መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ እንቁላል፣ በመጨረሻ ፍርፋሪ። ዱቄቱ እርጥበቱን ይመጥጣል፤ እንቁላሉ ያጣብቃል፤ ፍርፋሪው ይንኮሻኮሻል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ልብሱ መጥበሻው ላይ ይወልቃል።

ለመጥበሻ ዘይት አልተጠቀመችም። ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ አቀለጠች። ያልተነጠረ ቅቤ በውስጡ ያለው ወተት ስለሚያርር ይጠቁራል፤ የተነጠረው ግን ሙቀት ይችላል። ሚላኖዎችም ቅቤያቸውን የሚያነጥሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የ350ው ዲግሪ ጉዳይ አላሳሰባትም። አንዲት ፍርፋሪ ጣለች፤ ወዲያው ተንሳፍፋ ስትፍለቀለቅ ጊዜው ነው አለች። በየገጹ ሁለትና ሦስት ደቂቃ በቃው። ለማስታርዱ ሰናፍጭ ቀባች፤ ለሰላጣው ጥቅል ጎመን በስሱ ከተፈች፤ ጎኑ ላይ ዳጣ አስቀመጠች።

ከዚያ የጎረቤቲቱ ነገር መጣ። ሙስሊም ናት፤ ቡና ላይ የማትቀር የቤቱ ሰው ናት። በክርስቲያን የታረደውን በሬ እንደማትበላ ሁሉም ያውቃል፤ አገራችን ውስጥ ይህ የቆየ ሥርዓት ነው። ልጅቷ ጠዋት አንድ ዶሮ ወደ ጎረቤቲቱ ቤት ልካ በባለቤቷ እጅ አሳርዳ ነበር። የዶሮውን ደረት ለብቻ፣ በሌላ መጥበሻ፣ በሌላ ቅቤ ጠበሰችው። ሁለት ሳህን ቀረበ። ጎረቤቲቱ ግን ወረቀቷን ገበታው ዳር አየቻት፤ አነሣችና ከስረዛው ሥር ያለውን ቃል አነበበች። ጥቂት ዝም አለች። «ይህ ቤት ገብቷል?» ብላ ጠየቀች። «አልገባም፤ ቃሉ ብቻ ነው የገባው» አለቻት ልጅቷ። ሴትዮዋ በላች።

ልጁም በላ። «እንደዚያኛው አይደለም» አለ፤ ሁለተኛ ግን አስጨመረ።

ስለ ስረዛው

ወደ ሒሱ እንመለስ። እኔ የእርሳሱን ስረዛ የማደንቅበት ዋና ምክንያት «የበሬ» ብላ መጻፏ አይደለም። ቃሉን አለማጥፋቷ ነው። አንድ ስስ መስመር ብቻ ነው የሳበችበት፤ ከሥሩ «የአሳማ» የሚለው በግልጽ ይነበባል። ያነበበ ሰው መጀመሪያ ምን እንደነበረ፣ በኋላ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጎረቤቲቱ የጠየቀችው ቃሉ ስለተነበበ ነው፤ የበላችውም ጠይቃ መልስ ስላገኘች ነው። ቃሉ ተፍቆ ቢሆን ኖሮና ወሬው በኋላ በሌላ አፍ ቢደርሳት፣ የዶሮውም ሳህን ባላዳናቸው ነበር። በምግብ ዝርዝር ላይ የእንስሳውን ስም ሳይጽፉ «ኮቶሌት»፣ «ሃም»፣ «ሞርታዴላ» ብለው የሚያልፉ ምግብ ቤቶች ከዚህች ልጅ ሊማሩ ይገባል። ሞርታዴላ በጣሊያን የአሳማ ነው፤ እዚህ የበሬም ይሠራል። የትኛው እንደሆነ መጻፍ የአንድ ቃል ሥራ ነው። የሚበላውም የማይበላውም በዚያች ቃል ላይ ነው የሚተማመኑት። ገላውዴዎስ ያሉት አለመናናቅ መጀመሪያ አለመደባበቅን ይጠይቃል።

የምወቅሳት በሌላ ነገር ነው። «የአሳማ» የሚለውን አምስት ቦታ ሰርዛ 350ውን አልነካችውም። «ማስታርድ» እንደተጻፈ ቀርቷል። አሬራው፣ ዘነዘናው፣ ንጥር ቅቤው በእጇ አለፉ እንጂ በወረቀቷ ላይ አልሰፈሩም። እምነትን የሚነካውን አረመች፤ ሙያዋን የሚነካውን ግን ለማረም የሚያህል ነገር አድርጋ አልቆጠረችውም። ወረቀቷ ነገ ወደ ሌላ ቤት ብትሄድ ይዛ የምትሄደው የተርጓሚውን ስሕተት እንጂ የእርሷን ዕውቀት አይደለም።

ይህ የአንዲት ልጅ ጥፋት ብቻ ቢሆን አላነሣውም ነበር። በአማርኛ የሚጻፈው የምግብ አሠራር ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታየኛል። አንደኛው የሰሜኑንና የመሐል አገሩን ወጥ ደጋግሞ የሚጽፍ ነው፤ ሁለተኛው የፈረንጁን እንደ ወረደ የሚተረጉም ነው። በሁለቱ መሐል የሀዲያ ጓዳ ሳይጻፍ ይቀራል። ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው አታካና ከዚያው አገር ለሄደ እንግዳ ሁሉ ይቀርባል፤ እንግዳው ያደንቃል፤ ነገር ግን ቡላው ስንት፣ ቅቤው ስንት፣ እሳቱ ምን ያህል፣ መቼ እንደሚማሰልና መቼ እንደሚተው ከእናት ወደ ልጅ በዓይን እንጂ በጽሑፍ ሲተላለፍ አላየሁም። ልጆቹ ደግሞ ዛሬ በዓይን የሚያዩበት ቦታ የሉም፤ ብዙዎቹ ደርባን ወይም ጆሃንስበርግ ናቸው።

ቡላ ጥሩ ስታርች ነው። ለዱቄቱ ምትክ ሆኖ ሥጋውን ቢያለብስ የሚይዝ ይመስለኝ ነበርና አዲስ አበባ ተመልሼ ሞከርኩት፤ ያዘ፤ ከስንዴው ዱቄት ይልቅ ተንኮሻኮሸ። በዳቦ ፋንታ በስሱ የተጋገረ ቆጮ መሐል አድርጌም በላሁት። ክትፎን በቆጮ የሚበላ አገር ይህን ለመልመድ ብዙ ቀን የሚፈጅበት አይመስለኝም።

ስለዚህ ወረቀቷ እንደገና ትጻፍ እላለሁ። ርእሷ የእንስሳውን ስም ይያዝ፤ የበሬ ከሆነ የበሬ፣ የዶሮ ከሆነ የዶሮ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በደርባን አሳማ የሚበላ ሰው ካለ ለእርሱም የአሳማ ተብሎ ለብቻው ይጻፍለት። ሙቀቱ በሴንቲግሬድ፣ መፈተኛውም በፍርፋሪዋ ይሁን። ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይባል። ጸሐፊዋ እርሳስ ካላት ሴት የተሻለች አትገኝም፤ ጊምቢቹ ለመሄድ ያሰበ አሳታሚ ካለ ቤቱን አሳየዋለሁ። ሲሄድ ግን አታካናውንም ያስጽፋት።